በመቀናጆ የተገዛች ፒክአፕ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ኮሜርስ ሲቲ ውስጥ፣ በሁለት መጋዘኖች መሀል በቀረችው ግቢ የነበርነው አምስት ሰዎችና አንድ ውሻ ነን። በኋላ ክርክር እንዳይነሳ እያንዳንዱን በስሙ ልጥራ።

አንደኛ ጋሽ በላቸው ናቸው፤ የቡሬ ገበሬ ልጅ፣ አገር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ከነተሳቢው የጭነት መኪና የነዱ፣ እዚህ ዴንቨር ደግሞ ከአየር ማረፊያው ታክሲ የሚሠሩ። ሁለተኛ ሙክታር ነው፤ መርካቶ ተወልዶ ያደገ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ የሻንጣና የስልክ ሱቅ ያለው፣ ዕቃ በተጠራለት ዋጋ ከገዛ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር። ሦስተኛ ሰብለ፣ የአክስቴ ልጅ፤ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ናት፣ ቫን አላት። አራተኛ ሚስተር ሃሮልድ፣ የፒክአፗ ባለቤት፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ። አምስተኛ እኔ። ውሻዋ ደስቲ ትባላለች፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኝታ ነበር። ሙክታር ይህን ታሪክ ሲያወራ ሁለት ሰዎች ይጨምራል፤ አንደኛው ፖሊስ ነው። ፖሊስ አልነበረም።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በበረዶ ነው። እኔ የምኖርባትን የአውሮራን ከተማ የሰኔ በረዶ ያየ ሁሉ የዶሮ እንቁላል ያህላል ይላል። እኔ ለክቼዋለሁ። አንዱን ፍሬ ሮጬ አንስቼ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ፣ ዝናቡ ሲያባራ በመስመሪያ ስለካው አራት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ነበር። ለማስረጃ አቆይቼው ሳለ ሰብለ ልትጠይቀኝ መጥታ ለስላሳ ውስጥ ጨምራ ጠጣችው። ስለዚህ ማስረጃ የለኝም፤ ቃሌ ብቻ ነው ያለው።

በረዶው ደጅ የቆመችውን ትንሿን ሰማያዊ መኪናዬን ለሃያ ደቂቃ ቀጠቀጣት። ከኢንሹራንስ የመጣው ሰውዬ ጠመኔ ይዞ ጉድጓዶቹን እያከበበ መቁጠር ጀመረ። እኔ ከሱ በፊት ቆጥሬ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት አግኝቼ ነበር፤ ወረቀቱን ብሰጠውም አልተቀበለኝም። እሱ ኮፈኑን ሳይጨርስ ጠመኔው አለቀበትና መኪናዋ ቶታል ናት አለኝ። ቶታል ማለት ሞታለች ማለት ነው። ሞተሯ እየሠራ ነበር። ሬዲዮዋም እየተናገረ ነበር። ሰው ቆሞ እያወራ ለሱ ድንኳን ሲጣል ያየሁ መሰለኝ። ያንን ሞተር እኔ ራሴ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ መልሼ የገጠምኩት ነው፤ ከላይብረሪ በተዋስኩት መጽሐፍ፣ በአሥራ አራት ቅዳሜ። የተረፈኝ ብሎን አንድ ብቻ ነበር፤ የየት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መኪናዋ ግን አንድ ቀን ስለሱ አንስታ አታውቅም።

መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም። አምስት ዓመት አየር ማረፊያ ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር ስገፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። በረፍት ሰዓቴ ሌሎቹ ሲያወሩ እኔ የማጠቢያ ማሽንና የፍሪጅ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እያየሁ እቀመጥ ነበር። ብዙ አልናገርም። ሰው ስለማልወድ አይደለም፤ ልናገር ብዬ ነገሩን በልኩ እስካስተካክል ጨዋታው ወደ ሌላ ስለሚሻገር ነው። ማሽን ግን ይጠብቀኛል።

ይህን የሰሙ አቶ ወንድወሰን የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ሁለት የኪራይ ሕንፃ አላቸው፣ ስልሳ አራት ቤት። አንድ ተከራያቸው ቤት ሄጄ ሌላ ባለሙያ «ይጣል» ያለውን የማጠቢያ ማሽን ሲሠራ ትቼላቸው ወጣሁ። በሳምንቱ ጠሩኝና የስልሳ አራቱንም ቤት ፍሪጅ፣ ምድጃና ማጠቢያ ማሽን እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ግን ጣታቸውን አነሱ። ፍሪጅ በትከሻ አይመጣም፤ የራስህ መጫኛ መኪና ያስፈልግሃል፤ ሰኞ ጠዋት በስምንት ሰዓት ይዘህ ከመጣህ ሥራው ያንተ ነው፤ ካልመጣህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ አሉ። ስምንት ሰዓት ያሉት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ እንኳን እሳቸው፣ እኔም እዚህ መጥቼ ሰዓቴን አዙሬያለሁ።

ይህን ያሉኝ ማክሰኞ ነው። የኢንሹራንሱ ቼክ የደረሰኝ ሮብ ነው። አያችሁ፣ በረዶው እንኳ ቀን ቆጥሮ ነው የወረደው። የቀረኝ ፒክአፕ መግዛት ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከማንም በተሻለ እንደምችለው እርግጠኛ ነበርኩ።

ማታውን ሰማንያ አራት ጥያቄዎች በደብተር ላይ አዘጋጀሁ። ሐሙስ ሃቫና ስትሪት ላይ ካሉት ያገለገለ መኪና ሻጮች የመጀመሪያው፣ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ስልክ መጣልኝ ብሎ ሄደ። ስልኩ አልጮኸም ነበር። ሁለተኛው ታጋሽ ነው፤ አርባ ሦስተኛው ላይ ወንበር አመጣልኝ፣ ስልሳኛው ላይ ግን መብራቱን እያጠፋ ሊዘጋ ተነሳ። ዓርብ ያየሁት ሦስተኛው ደግሞ መኪናው ውስጥ ሽታ ማሳመሪያ ስድስት ቦታ ሰቅሏል። አንድ ቢሆን ለሽታ ነው እላለሁ፤ ስድስት ሲሆን የሚደበቅ ነገር አለ። ዓርብ ማታ ደብተሬን ይዤ ሙክታር ሱቅ ስገባ ጋሽ በላቸውም እዚያ ነበሩ። ሙክታር ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ አንተ መኪና እየገዛህ አይደለም፣ ለመኪና ፈተና እየሰጠህ ነው አለኝ።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ሥራ ተከፋፈልን። ጋዜጣ ላይ የኮሜርስ ሲቲዋን ፒክአፕ ማስታወቂያ ያገኙት ጋሽ በላቸው ስለሆኑ ሽማግሌነቱን ወሰዱ፤ የሳቸው እምነት መኪና አይታይም፣ ባለመኪናው ነው የሚታየው የሚል ነው። ሙክታር ማጣጣሉን ወሰደ። ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የወደዱትን ዕቃ አይቶ ጥርስን መግለጥ በራስ ላይ ዋጋ መጨመር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን ማርከስ፣ ከዚያ ማዘን፣ ከዚያ ለመሄድ መነሳት ያስፈልጋል። ሰብለ ማስተርጎሙን ወሰደች። እንግሊዝኛ ሁላችንም እንችላለን። ግን ጋሽ በላቸው በሰው ቋንቋ የሚለምን በግማሽ አፉ ነው ይላሉ፤ ሙክታር ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲያጣጥል ስድብ ይሆንበታል። ሰብለ ሆስፒታል ውስጥ ለሕመምተኞች ስታስተረጉም አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም የምትል ናት፤ ይህ ጠባይዋ የት እንደሚያደርሰን ያን ጊዜ አላሰብንም። የኔ ድርሻ ዝም ማለት ነበር። ለሥራው ከኔ የተሻለ ሰው ዴንቨር ውስጥ አይገኝም።

ጠዋት በሰብለ ቫን ሄድን። ከኮምፒውተር ያተምኩትን የመንገድ መመሪያ ሰጥቻት ነበር፤ ሳታየው ነዳችና ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ሁለቱንም ጊዜ ዝም አልኩ። ልምምድ ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ ረጅም ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አጥር እየያዙ ነው የሚሄዱት። በእጃቸው ኩባያ ይዘው በር ላይ ጠበቁን። አራት ሰው ከአንድ ቫን ሲወርድ አይተው፣ ገዢው የትኛው ነው ብለው ጠየቁ። ሰብለ ወደኔ ጠቆመች። ሌሎቹስ ሲሉ፣ ሌሎቹ ለመናገር ነው የመጡት አለቻቸው።

ፒክአፗ ነጭ ናት። የሠራት ፋብሪካ ስም አያስፈልግም፤ የነበረባት ሁሉ የዕድሜ እንጂ የፋብሪካ አልነበረም። ገና ከሩቅ ሳያት ልቤ ፈቀዳት። ስፖንዳዋ ሰፊ ነው፣ ፍሪጅ ቆሞም ተኝቶም ይጭናል። ሙክታር ፊቴን አይቶ በክርኑ ጎሰመኝ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ።

መጀመሪያ ምላሱን እየመታ ዞራት። ጎማዋ አጠገብ ተንበርክኮ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ዝገቱን በጣቱ ነክቶ፣ ይህች መኪና የኖረችው ባሕር ውስጥ ነው ወይ አለ። ሰብለ አስተረጎመች። ሚስተር ሃሮልድ ደስ አላቸው። ትክክል ነው አሉ፣ ከሥር ያለው ደግሞ ይብሳል፣ ኑ ላሳያችሁ። ሙክታር መስተዋቱ ተሰንጥቋል ሲል፣ ያኛውም ተሰንጥቆ ነበር፣ ባለፈው ዓመት ነው የቀየርኩት አሉ። ወንበሩን አይቶ ጅብ ነው እንዴ የበላው ሲል፣ ደስቲ ናት ብለው ውሻዋን ጠቆሙ። እኛ ያላየነውንም ጨመሩልን፤ የኋላው መዝጊያ ዳገት ላይ በራሱ ይከፈታል። ሙክታር ከእያንዳንዱ ነውር በኋላ ዋጋው እስኪወርድ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። ዋጋው አልወረደም። ሰውየው ነውሯን ሁሉ አስቀድመው ቆጥረው፣ ቀንሰው ነው ዋጋ የጠሩት። መርካቶ እንዲህ ያለ ሻጭ ስለሌለ ሙክታር መድኃኒቱን አያውቀውም። ላቡን ጠርጎ ወደ ጋሽ በላቸው ሲያይ፣ እሳቸው ቀስ ብለው፣ ይህ ሰው እውነተኛ ነው፣ መኪናዋ ትገዛለች አሉ።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነሳ። እዚህ ላይ ሙክታር ነፍስ ዘራ። ፒክአፗ ቆማ ስትሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ሚስተር ሃሮልድ ያስመረራቸውም ይኸው ነው። ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ጀልባ እየጎተቱ ዓሣ ማጥመድ ይሄዳሉ፤ ቀይ መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር የማጥመጃ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ሁለት መካኒክ አይቷታል። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፣ ሁለተኛው አንደኛውን ሰደበ። በመጨረሻ ሰልችቷቸው ነው ለሽያጭ ያወጧት።

ሙክታር፣ ጋሽ በላቸውና ሰብለ ሚስተር ሃሮልድን ይዘው ወደ ኋላ ሄዱና በዚህ መንቀጥቀጥ ላይ ክርክር ተጀመረ። እኔ ኮፈኑ ጋ ብቻዬን ቀረሁ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔንና ሞተርን ብቻችንን ትተውን ሄዱ።

ከጩኸቱ በታች አንዲት ቀጭን የእፉኝት ትንፋሽ የመሰለች ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ከሞተሩ ጀርባ ነው። እጄን ስሰድ ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ አገኘሁ፤ ታጥፋ የምትገባበት ቦታ ላይ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰንጥቃለች። በአውራ ጣቴ ደፈንኳት። መኪናዋ ተነፈሰች። መንቀጥቀጡ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

አእምሮ ያለው ሰው እዚህ ጋ ጣቱን አንስቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ ለሙክታር በጆሮው ይነግረዋል። በሽታዋ የአንድ ስንዝር ቱቦ መሆኑን ገዢው ብቻ ያውቃል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ሁሉም እቤቱ ይገባል። እኔ ግን ቦርሳዬ ውስጥ በሦስት መጠን የተቆረጠ ቱቦ ነበረኝ። ሰው መሀረብ እንደሚይዝ እኔ ቱቦ እይዛለሁ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁም። አሮጌውን ነቅዬ፣ አዲሱን ቆርጬ፣ ገጠምኩ፣ በማሰሪያ አጠበቅኩ። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሙክታር ሁለት ይላል፤ ሰዓቴን አይቻለሁ።

በኋላ እንደሰማሁት ልክ በዚያች ቅጽበት ሙክታር አሸንፎ ነበር። ሚስተር ሃሮልድ ለመንቀጥቀጡ ሲባል ይህን ያህል እቀንሳለሁ ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። ያን ጊዜ መንቀጥቀጡ ቆመ። ግቢው በሙሉ ጸጥ አለ፤ ከአጥሩ ማዶ የመጋዘኑ ማንሻ መኪና ሲመላለስ ተሰማ። አራቱም ዞረው አዩኝ። እኔ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ፈገግ ብዬ ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ አጥሩን ሳይዙ መጡ። ኩባያቸውን መከላከያው ላይ አስቀመጡ። ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም። ለረጅም ጊዜ ኩባያውን አዩ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቀው፣ የምሸጣት አይመስለኝም አሉ። ሰብለ አንድ ቃል ሳትጨምር አስተረጎመች፤ ማስተርጎሙ ባያስፈልግም።

ሙክታር ወደኔ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልትገዛ የመጣህበትን በግ ለባለቤቱ አደለብክለት እኮ፣ ወንድሜ።»

እጄን መጥረጌን ቀጠልኩ።

«በል አሁን በሽታዋን መልስላት። ቱቦዋን አውጣ።»

«አላወጣም።»

በዚያን ቀን የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ሙክታር ሰኞስ ብሎ ጠየቀኝ። ሰኞን ከሱ በላይ አውቀዋለሁ። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላው ሰው ስልሳ አራቱን ቤት ይረከባል፤ እኔ ሌላ አምስት ዓመት፣ ምናልባትም አሥር፣ ሰው ከበር ወደ በር እየገፋሁ የማይከፈት መጽሐፍ በብብቴ ይዤ እኖራለሁ። ይህ ሁሉ በፊቴ ቆሞ ነበር። ቢሆንም እጄ የነካው ነገር ድኖ ነው የሚሄደው። መልሼ ካበላሸሁት ስልሳ አራቱን ቤት የሚረከበው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ብሆንም ሌላ ሰው ነው።

«ሰኞ ይቅር» አልኩት። «አላወጣም።»

ሚስተር ሃሮልድ የምንከራከረው ስለምን እንደሆነ ሰብለን ጠየቋት። ሙክታር በዓይኑ ለመናት። ሰብለ ግን ሰብለ ናት። ይህኛው ያዳንከውን መልሰህ አሳምም ይለዋል፣ ያኛው ሥራዬ ይቅር እንጂ አላሳምምም ይላል አለቻቸው። ቀጥላ፣ ስለተጠየቀች ብቻ፣ የሰኞን ነገር ከነሰዓቱ ነገረቻቸው። ሙክታር ሄዶ የመጋዘኑን ግድግዳ ማንበብ ጀመረ። ግድግዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ሚስተር ሃሮልድ ወደኔ ዞረው ይህን ከየት ነው የተማርከው አሉኝ። ከመጽሐፍ አልኳቸው። ስንት መጽሐፍ አሉ። አሥራ አንድ አልኩ፤ አንደኛውን ግን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። የመኪናዋን ነገር ግን ደግመው አላነሱም። ሰውየው መኪናቸውን ወደዋታል፤ ፍቅር ደግሞ በማዘን ብቻ አይለቅም።

ያን ጊዜ ጋሽ በላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የፒክአፗ የኋላ መዝጊያ በራሱ ተከፍቶ ነበርና እሱ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ባርኔጣ አውልቀው ከተቀመጡ ነገር ሳይቋጭ እንደማይነሱ ሁላችንም እናውቃለን።

«ሰብለ፣ ልጄ፣ እንዲህ በይልኝ። እኛ አገር አንድ በሬ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም። ሌላ አንድ በሬ ያለው ይፈልግና ይጣመራሉ። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያሉ ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። ይህ ሰው መኪና አለው፣ ጆሮ የለውም። ይህ ልጅ ጆሮ አለው፣ መኪና የለውም። ሁለቱም አንድ አንድ በሬ ነው ያላቸው።»

ሰብለ መቀናጆን ስታስተረጉም ሦስት ደቂቃ ያህል ወሰደባት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጨመረች። ሚስተር ሃሮልድ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ አባታቸው ነብራስካ ውስጥ በበቅሎ ያርሱ እንደነበር ተናገሩ። ጋሽ በላቸው በበቅሎ አይታረስም አሉ። ሚስተር ሃሮልድ ይታረሳል አሉ። ይህ ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ የኔ የሕይወት ጉዳይ በጎን ቆሞ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ በቅሎ ጠባይ ሲሟገቱ ሰማሁ። በመጨረሻ ጋሽ በላቸው፣ የናንተ በቅሎ ሌላ ዓይነት መሆን አለባት ብለው ለቀቁ። እሳቸው ለማንም ለቀው አያውቁም፤ ነገሩ ወደ መልካም እየሄደ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቀስ እያለ ቅርጽ ያዘ። ግማሹን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፒክአፗ የኔ ናት፣ ቅዳሜና እሁድ የሳቸው። ብልሽት የኔ፣ ጎማ የጋራ፣ ነዳጅ የነዳው። ሚስተር ሃሮልድ ከሞተችስ ብለው ጠየቁ። ጋሽ በላቸው በሬ ሲሞት ቆዳው ለሁለት ይከፈላል አሉ። ሚስተር ሃሮልድ የኔ የፊተኛው ነው የኋለኛው ብለው ጠየቁ፤ እየቀለዱ ይሁን እየጠየቁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለማንኛውም የፊተኛው የኔ እንዲሆን አስጽፌያለሁ፣ ሞተሩ እዚያ ስለሆነ።

ከዚያ በዓላት መጡ። ሚስተር ሃሮልድ ሐምሌ ላይ ያለውን የአገራቸውን በዓል ጠየቁ፣ ተሰጣቸው። ጋሽ በላቸው በምትኩ ጥምቀትን ወሰዱ። ሙክታር ከግድግዳው ተመልሶ ሁለቱንም ዒድ አስመዘገበ። ጋሽ በላቸውም ሙክታርም በፒክአፗ ላይ የአንድ ብሎን ድርሻ የላቸውም። ሙክታር ይህ ሳይበቃው፣ ግማሽ መኪና የት ይደርሳል ብሎ ግማሹን ዋጋ ማጣጣል ሲጀምር ሚስተር ሃሮልድ እጃቸውን አነሱና፣ ለቱቦው ብለው በራሳቸው ፈቃድ ቀነሱ። ሙክታር ይህንን ድል አድርጎ ያወራዋል። ቱቦው የኔ ነበር።

ውሉን በደብተሬ፣ ከሰማንያ አራቱ ጥያቄዎች ጀርባ ላይ፣ በሁለት ቋንቋ ጻፍኩ። ሦስት እማኞች ፈረሙ። ሚስተር ሃሮልድ ከተዋዋዮቹ እማኞቹ የሚበዙበት ውል አይቼ አላውቅም አሉ። ጋሽ በላቸው እማኝ የሌለው ውል ምኞት ነው አሏቸው። ከሳምንት በኋላ ሊብሬው ላይ ሁለታችንን ለማስገባት የመኪና መዝገብ ቢሮ ስንሄድ ጸሐፊዋ ዝምድናችሁ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችን። እኔ ትክክለኛውን ቃል ስፈልግ ሚስተር ሃሮልድ ቀድመውኝ፣ በሬዎች ነን አሏት። ሴትየዋ ሌላ አልጠየቀችም።

ኢንሹራንሱን በዚያው ቅዳሜ በስልክ ጨረስኩ። እሁድ ማታ ሚስተር ሃሮልድ ከዓሣ ሲመለሱ ጀልባውን ፈቱልኝና ቁልፉን ሰጡኝ። ቀይ መብራት ሁሉ ላይ ዘንጎቹ ጸጥ ብለው እንደዋሉ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ ዞር ብለው ነው፤ እኔም ዞር ብዬ ነው የሰማሁት።

ሰኞ ጠዋት ከስምንት ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የአቶ ወንድወሰን ሕንፃ በር ላይ ደረስኩና ወርጄ የፒክአፗን መዝጊያ ተደግፌ ቆምኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ወጡ። የዓሣ ምስል የተለጠፈበትን መስተዋት አዩ፣ የጀልባ መጎተቻውን አዩ፣ ደስቲ የበላችውን ወንበር በመስኮት አዩ።

«ያንተ ናት ወይስ ተውሰህ ነው?»

መኪናው የራሴ እንዲሆን ነው የፈለጉት። «የኔ ናት» ብል ያልቅ ነበር። በሕግም ብዙ ሐሰት አይሆንም። ግን አልሆነልኝም።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ የኔ ናት» አልኩ። «ቅዳሜና እሁድ የሌላ ሰው ናት፤ ጥምቀት የጋሽ በላቸው፣ ዒድ የሙክታር።»

አቶ ወንድወሰን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚመጣው ሰው እያሰቡ እንደሆነ ታወቀኝ። ቅዳሜ ፍሪጅ ቢበላሽስ አሉ። ቅዳሜ በእግሬ መጥቼ እዚያው እሠራዋለሁ፣ መጫን የሚያስፈልገው የማይሠራ ፍሪጅ ነው አልኩ። ልፎክር አልነበረም፤ እውነቱ እንደዚያ ስለሆነ ነው። በፒክአፗ ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሩና ከኪሳቸው የቁልፍ እንጥልጥል አወጡ።

«በል አስነሳትና በኋላ በር በኩል አዙራት» አሉ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚወርድ ማጠቢያ ማሽን አለ።»

«ተነስታለች» አልኳቸው።

አላመኑኝም። ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ሞተሩ ከመጣሁ ጀምሮ እየሠራ ነበር። መዳፋቸውን እዚያው እንዳሳረፉ በሌላው እጃቸው ቁልፎቹን ሰጡኝ፤ የስልሳ አራቱንም ቤት።

እኔ የማስታውሰው ይህን ነው፤ ሰዓቱንና ልኩን በተቻለኝ አጣርቻለሁ። የበቅሎውን ክርክር ሙሉ ቃል አልያዝኩም፣ ያን ጊዜ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ጋሽ በላቸው ያሟሉት። ሰብለ መቀናጆን በእንግሊዝኛ ምን ብላ እንዳስተረጎመች ራሷ ትጻፍልኝ፤ እኔ «ጎረቤት» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ መስማቴን ብቻ ነው የማውቀው። ሚስተር ሃሮልድ ይህን አያነቡትም፤ አንድ ዓርብ ማታ ቁልፍ ስመልስ አነብላቸዋለሁ፣ የረሳሁት ካለም ይነግሩኛል። ሙክታርም የጎደለ ካለ ይጨምር። እሱ ጨምሮ ሲጨርስ ግን ሌሎቻችሁ እባካችሁ ቀንሱለት።